መሬት ላይ የሚንጣለል አበባ ለአዳማ ግቢ፦ የቱን ከዘር ላብቅል?

ከግቢያችን በር እስከ ቤቱ ደረጃ ድረስ፣ በብሎኬት አጥሩ ሥር የምትሄድ አንዲት መደብ አለችን። ርዝመቷ 4 ሜትር፣ ስፋቷ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ባለፉት 6 ዓመታት በዚህች መደብና በበረንዳው ላይ፣ ቁመታቸው ከስንዝር ብዙ የማያልፍ፣ ወደ ጎን እየተንጣለሉ መሬቱን የሚያለብሱ የተለያዩ አበቦችን ከዘር አብቅያለሁ። ሁሉም በአንድ ዓመት ውስጥ በቅለው፣ አብበውና ዘር ሰጥተው የሚጨርሱ፣ ወይም እንደዚያ ተደርገው የሚዘሩ ናቸው።

ጎረቤቶቼ አይተው "የቱን ልዝራ?" ሲሉኝ ለሁሉም አንድ መልስ የለኝም። መጀመሪያ እኔው እጠይቃቸዋለሁ። ከቀትር በኋላ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ቦታው ላይ ፀሐይ አለ ወይስ ጥላ? በሳምንት ስንት ጀሪካን ውሃ ለአበባ ታወጣላችሁ? እናንተስ ቤት የምትገኙት መቼ ነው? ይህን የመጨረሻውን ስጠይቅ ብዙዎች ይገረማሉ፤ ለምን እንደምጠይቅ ፖርቹላካ የምትባለው አበባ ላይ ስደርስ ግልጽ ይሆናል።

መጀመሪያ ስለ አዳማ

ከተማችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱም ይበረታል። ከከተማዋ ዳር ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት በዚሁ ነፋስ ምክንያት ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ደግሞ ሙቀቱ የሚበረታበት ወቅት ነው። የብዙ ሰፈር አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀላል አፈር ስለሆነ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። ላዩ ሲደርቅ ግን እንደ ቅርፊት ይጠነክራል፤ ደቃቅ ዘር ይህን ቅርፊት ሰብሮ መውጣት አይችልም።

ይህን የማነሣው የዘር ፓኬቱን ጀርባ አንብባችሁ እንዳትሳሳቱ ነው። ገበያ ላይ የምናገኘው የአበባ ዘር አብዛኛው የአውሮፓን ወቅት ታስቦ የተጻፈበት ነው። "በረዶው ካለፈ በኋላ በሚያዝያ ዝሩ፣ በበጋ ያብባል" ይላል። የእነሱ በጋ ረጅም ቀንና ለስላሳ ሙቀት ያለው፣ ዝናብም የማይጠፋው ነው። የእኛ ሚያዝያ ደግሞ ከዓመቱ ሞቃታማ ወራት አንዱ ነው። ቅዝቃዜ ለሚወዱት አበቦች የፓኬቱን "ፀደይ" እኛ ዘንድ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ብላችሁ አንብቡት። ሙቀት ለሚወዱት ግን ከየካቲት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ሁሉ የእነሱ ነው።

ፖርቹላካ፦ ቀን ሙሉ ፀሐይ ለሚመታው ቦታ

ስሟን የማያውቅ እንኳ ሲያያት ያስታውሳታል። ቅጠሏ እንደ ወፍራም መርፌ ሆኖ ውሃ የቋጠረ ነው፤ ግንዷ ቀላ ይላል፣ አበባዋ በቀይ፣ በብርቱካን፣ በቢጫ፣ በሮዝና በነጭ ይመጣል። ቁመቷ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አንዷ ተክል ወደ ጎን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሸፍናለች። የትውልድ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አርጀንቲና፣ ደቡብ ብራዚልና ኡራጓይ።

አዳማ ላይ የምትመቸን ለምን እንደሆነ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ለተክሏ ያለኝን አክብሮት ጨምሮታል። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ሙቀትና ብርሃን በበዛበት ቦታ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አከማችተው ምግባቸውን በብቃት የሚያዘጋጁበት ስልት አላቸው። ቁልቋል ደግሞ ሌላ ስልት አለው፤ ውሃው እንዳይተን የገላውን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል። ፖርቹላካ ሁለቱንም ታውቃለች። በደህናው ቀን እንደ ጤፍ ትሠራለች፣ ድርቅ ሲይዛት እንደ ቁልቋል ወደ ሌሊት ትዞራለች። ሁለቱን ስልቶች በአንድ ገላ የያዘ ተክል በጣም ጥቂት ነው። የ4 ሜትሯ መደቤ በፖርቹላካ ስትሞላ፣ በሙቀቱ ወር እንኳ በ5 ቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃታል። ጭራሽ ውሃ ካበዛችሁባት ነው ግንዷ ከሥሩ የሚበሰብሰው።

ዘሯ ብረታማ ግራጫ ሆኖ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ነው። በ1 ግራም ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጋ ፍሬ አለ። ለመብቀል ብርሃን ትፈልጋለች፤ ስለዚህ አፈር አይለብስባትም፣ ላዩ ላይ ተበትኖ በመዳፍ ጫን ጫን ይደረጋል፣ በቃ። አፈሩ ሞቃት ከሆነ፣ ማለትም ከ21 ዲግሪ በላይ፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ቀያይ ነጠብጣቦች የመሰሉ ችግኞች ብቅ ይላሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብትዘሯት በሌሊቱ ብርድ ምክንያት ትዘገያለች።

የመጀመሪያው ዓመት ስሕተቴን ልንገራችሁ። ዘሩን በመደቡ ላይ በትኜ፣ ልክ እንደ ጎመን ችግኝ፣ በጆግ ውሃ አፈሰስኩበት። ከ2 ሳምንት በኋላ መደቡ ባዶ ነው። በ3ኛው ሳምንት ልጄ ጠርታ አሳየችኝ፤ በደረጃው ሥር፣ ሲሚንቶው የተሰነጠቀበት መስመር ላይ፣ ችግኞቹ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተደርድረው በቅለዋል። ውሃው ጠርጎ ወስዷቸው ነበር። እዚያው ስንጥቅ ውስጥ አብበው ዓመቱን ጨረሱ፤ በኋለኞቹ ዓመታት መደቡ ላይ በእንክብካቤ ካደጉት የማይተናነስ አበባም ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ፖርቹላካን ያለ ብዙ አፈር፣ ያለ ፍግ፣ በጠጠራማው ጥግ ነው የምዘራት። ለምለም አፈር ላይ ቅጠሏ ይበዛል፣ አበባዋ ያንሳል።

አሁን ወደዚያ ጥያቄ ልመለስ። ፖርቹላካ የምትከፈተው ፀሐይ ሲመታት ነው። በእኛ ግቢ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ትከፈትና ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ትጨማደዳለች። ደመናም ሲሆን አትከፈትም። እያንዳንዷ አበባ የምትቆየው ለ1 ቀን ነው፤ በማግሥቱ ሌላዋ ትተካለች። ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቶ ማታ 12 ሰዓት የሚገባ ሰው እንግዲህ የሚያያት የተዘጋች ሆና ነው። አንድ ወዳጄ ሙሉ መደብ ዘርቶ፣ "የኔ አላበበችም" ብሎ ሊነቅላት ሲል እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ቆሞ ነው ነገሩ የገባው። አንዳንድ አዳዲስ ዝርያዎች አበባቸው ዘግይቶ እንዲዘጋ ሆነው የተዳቀሉ ናቸው፤ ቢሆንም ማታ ብቻ ቤት ለሚገኝ ሰው ይህቺን ቀዳሚ ምርጫ አላደርግለትም።

ሌላም ነገር አለ። በተክሏ ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስላለ፣ በብዛት የበላ ውሻ፣ ድመት ወይም በግ ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። ለበዓል የተገዛ በግ ግቢ ውስጥ የምታስሩ ከሆነ ገመዱ ከመደቡ እንዳይደርስ አድርጉ።

አሊሰም፦ ለጠዋት ፀሐይና ለቀዝቃዛው ወቅት

አሊሰም የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ልጅ ነው፤ ዘመዶቹም ጎመንና ሰናፍጭ ናቸው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፣ ወደ ጎን ግን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይዘረጋል። አበባው ደቃቅ ነው፤ ነጩ ሲያብብ የተበተነ ዱቄት ይመስላል። ሐምራዊና ሮዝም አለው። የሁሉም ነገር ማካካሻ ሽታው ነው፤ ልክ የማር ሽታ። ነፋሱ ጋብ ባለ ማታ በረንዳ ላይ ቡና ሲፈላ ሁለቱ ሽታዎች ይቀላቀላሉ። አበባው ስለማይዘጋም ማታ ለሚገባ ሰው የማስቀድመው እሱን ነው።

ዘሩ ከፖርቹላካ ተለቅ ይላል፣ ግን ያም ደቃቅ ነው። ከ15 እስከ 21 ዲግሪ በሆነ አፈር ከ5 እስከ 14 ቀን ይበቅላል። ላዩ ላይ ተበትኖ ቢበዛ በስሱ የተነፋ አፈር ጣል ይደረግበታል። ከተዘራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያብባል። በዚህ ፍጥነት የሚደርስለት ብዙ የለም። እኔ መስከረም ሲያልቅ እዘራለሁ፣ ኅዳር ላይ መደቡ ነጭ ይሆናል፣ እስከ ጥምቀት ሳያቋርጥ ይቆያል።

ችግሩ የሚመጣው በየካቲት ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ማበቡን ያቆማል፣ ዘር መቋጠር ይጀምራል፣ መሐሉ ይራቆታል። ያን ጊዜ በመቀስ ቁመቱን አንድ ሦስተኛ ከርክማችሁ ውሃ ብትሰጡት ዳግም ያብባል። ከቀትር በኋላ የአጥሩ ጥላ የሚያርፍበት ከሆነ እስከ መጋቢት ይገፋል። ሙሉ ፀሐይ ላይ ግን በዚያ ወር ከእሱ ጋር መታገል ውሃ ማባከን ነው፤ ነቅላችሁ ቦታውን ለፖርቹላካ ስጡት። ውሃ እንደ እሷ አይቆጥብም። ያችው መደብ በአሊሰም ስትሞላ በየ2 ቀኑ አንድ ጀሪካን ታስወጣኛለች።

ጓሮ አትክልት ላላችሁ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ንብ የሚመስሉ ነገር ግን የማይናደፉ ዝንቦች አበባውን ፈልገው ይመጣሉ፤ የእነዚህ ዝንቦች ትላትሎች ክሽክሽን፣ ማለትም የተክል ጭማቂ የሚመጡትን ጥቃቅን ተባዮች፣ ይበላሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሰላጣ ገበሬዎች በሰላጣው መደብ መሐል አሊሰም የሚዘሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ጉዳቱም ከዝምድናው የሚመጣ ነው፤ የጎመንን ቅጠል በስተው የሚበሉት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች የአሊሰምንም ችግኝ ይወዱታል። ችግኙ 4 ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ በየጠዋቱ እዩት።

ናስተርሺየም፦ ልጆች ካሉ

ከሁሉም ለመዝራት የሚቀለው ይህ ነው። ዘሩ የሽምብራ መጠን አለው፣ የተጨማደደ ነው፣ የ5 ዓመት ልጅ በጣቷ ትይዘዋለች። ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጠዋት 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ቀብራችሁ አፈር ትመልሱበታላችሁ። ከላይ ካሉት ሁለቱ በተቃራኒ ጨለማ ነው የሚፈልገው። ከ7 እስከ 14 ቀን ይወጣል። ሥሩ መነካካት ስለማይወድ ችግኝ አፍልቶ ከማዛወር መጨረሻ በሚያድግበት ቦታ መዝራት ይሻላል።

የደቡብ አሜሪካ ተራሮች፣ የእነ ፔሩ ተክል ነው፤ መለስተኛ አየር ይወዳል። ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ክብ ነው። የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ተድቦልቡሎ እንደ ሜርኩሪ ይንከባለላል፣ ቅጠሉን ሳያርስ። ልጄ በየጠዋቱ ጠብታዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንከባለለች ለትምህርት ቤት እስክትዘገይ ትጫወትበት ነበር። ደግሞም ይበላል። ቅጠሉም አበባውም ሰላጣ ውስጥ ይገባል። ስትቀምሱት የምታውቁት ነገር ነው፤ ፌጦ ፌጦ ይላል። ይህም በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም ዕፅዋት ያን የሚቆጠቁጥ ጣዕም የሚያገኙት ከአንድ ዓይነት ውሕድ ነው። ልትበሉት ካሰባችሁ ግን ተባይ መድኃኒት አትርጩበት።

ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድንክ ሆኖ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ሌላው ሐረግ ሆኖ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ይጎተታል፤ ያ ለአጥር ላይ ወይም ከበረንዳ ወደ ታች ለማንጠልጠል ነው እንጂ ለጠባብ መደብ አይሆንም። በፓኬቱ ላይ ያለው ሥዕል ብዙ ጊዜ አንድ ነውና ቁመቱን አንብቡ።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንዱ ፍግ ነው። አፈሩ ሲወፍር ቅጠሉ እንደ ሰሃን ይሰፋል፣ አበባው ከሥሩ ተደብቆ ይቀራል። ሌላው የአዳማ የከቀትር በኋላ ፀሐይ ነው። 8 ሰዓት ላይ ቅጠሉ ሁሉ ወደ ታች ይወድቃል፣ ማታ ይነሣል፣ በማግሥቱ እንደገና ይወድቃል፤ በዚህ ላይ ነፋሱ ሲጨመር ጠርዙ ይቃጠላል። በምሥራቅ በኩል ባለ ግድግዳ ሥር፣ ጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ በሚጠለልበት ቦታ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ያምራል። ክሽክሽም ይወደዋል፤ ከቅጠሉ ሥር ጥቁር ተከማችተው ካገኛችሁ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ማስወገድ ወይም በውሃ አጥቦ ማራገፍ ነው።

ፔቱኒያና ሌሎቹ፣ ባጭሩ

ፔቱኒያ ውብ ናት፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚመርጣት እሷን ነው። እኔ ግን ዘር መዝራት ለሚጀምር ሰው አልመክራትም። ዘሯ እንደ ፖርቹላካ ደቃቅ ነው፣ ብርሃንም ይፈልጋል፣ ከተዘራች በኋላ ለማበብ 3 ወር ገደማ ታስጠብቃለች፤ በዚያ መሐል አንድ ቀን ውሃ ከረሳችሁ ችግኙ ያልቃል። ወደ ጎን የሚንጣለሉት፣ ለምሳሌ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጥቶ የታወቀው ሐምራዊው "ዌቭ" ዝርያ፣ አንዱ ተክል ብቻውን ከ90 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ቁመቱ ግን ከ15 አይበልጥም። ሆኖም እነዚህ ድቅል ስለሆኑ ራሳችሁ የሰበሰባችሁት ዘር እናቱን አይመስልም፤ በየዓመቱ መግዛት ነው። አበባዋም ሰፊና ስስ ስለሆነ በጥቅምት ነፋስ ይቀደዳል። ከነፋስ የተከለለ በረንዳ ካላችሁና በየቀኑ ውሃ የምታጠጡ ከሆነ በመትከያ ዕቃ ውስጥ ሞክሯት፤ አበባው አነስ ያለውን ዓይነት ምረጡ፣ ነፋስና ዝናብ የሚችለው እሱ ነው።

ሳንቪታሊያ የሜክሲኮ ተክል ናት። መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ቢጫ ሆና መሐሏ የጠቆረ፣ የሱፍ አበባን ወደ አውራ ጣት ጥፍር ያሳነሷት የምትመስል። ቤተሰቧም የሱፍ፣ የኑግና የአደይ አበባ ነው። ፀሐይና ድርቅ ትችላለች፣ አበባዋ አይዘጋም። ብትገኝ ኖሮ ከፖርቹላካ ጋር አፎካክራት ነበር፤ ነገር ግን ዘሯን እዚህ ማግኘት ከባድ ነው፣ የእኔን ዘመድ ነው ከውጭ ያመጣልኝ። በእሷ ምትክ ዝቅ ብላ የምታድገውን ዚኒያ ፈልጉ። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆና ወደ ጎን ትሰፋለች፣ ዘሯ ትልቅ ስለሆነ በሳምንት ይወጣል፣ በ2 ወር ያብባል፣ ሙቀትም አይበግራትም። ውሃውን ግን ከሥሯ አጠጡ፤ ቅጠሏ ማታ ማታ ሲረጥብ እንደ አመድ ያለ ሻጋታ ይይዛታል።

ደቃቁን ዘር እንዴት እንደምዘራ

ፖርቹላካ፣ አሊሰምና ፔቱኒያ የሚሞቱት ባብዛኛው ከማበባቸው በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ነው። ስለዚህ በመደቡ ላይ በቀጥታ መዝራቱን ትቼ በሣጥን ማፍላት ጀምሬያለሁ።

አዳማ በዚህ ታድላለች፣ ፑሚስ የሚባለው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሞልቷል። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ጋ ሄዳችሁ አንድ ማዳበሪያ ደቃቁን ብትጠይቁ ይሰጧችኋል። እኔ በወንፊት እነፋዋለሁ፤ ሻካራው ከሣጥኑ ሥር ይገባል፣ ደቃቁን ከተነፋ አፈርና ከበሰለ ኮምፖስት ጋር እኩል እቀላቅላለሁ። ሣጥኑ ማንኛውም ሥሩ የተበሳ ጥልቀት የሌለው ዕቃ ነው፤ ለሁለት የተሰነጠቀ ጀሪካን ይሆናል። ድብልቁን ሞልቼ ሣጥኑን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ውሃው ከሥር እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ ላዩ ሲጠቁር ማለት ረጠበ ማለት ነው፣ አወጣዋለሁ። ዘሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ዘሩን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ በሁለት ጣት እንደ ጨው እበትነዋለሁ። አሸዋው ነጣ ስለሚል የት እንደወደቀ ይታያል፣ ዘሩም አይከማችም። ከዚያ መዳፌን አሳርፌ ጫን አደርጋለሁ። ላዩን ስስ ፌስታል አልብሼ ብርሃን ባለበት ነገር ግን ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ጥግ አኖረዋለሁ፤ ፌስታል ውስጥ ያለ ሣጥን ፀሐይ ከመታው ዘሩ ይቀቀላል። የመጀመሪያዎቹ ችግኞች ሲታዩ ፌስታሉ በዚያው ቀን ይነሣል። ይህን አሳልፋችሁ 2 ቀን ብታቆዩት ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ እንደ ክር ይሆንና ጠዋት ሁሉም ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ። ፈንገስ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይመለስም። አየርና ከሥር ማጠጣት መከላከያው ነው።

በ5ኛው ሳምንት ገደማ፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ወደ መደቡ ይዛወራሉ። ለፖርቹላካና ለአሊሰም 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይበቃል። ከመዛወራቸው በፊት ሳምንት ያህል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነፋስና ፀሐይ አለማምዷቸው፤ የአዳማ ነፋስ ያልለመደ ችግኝ በአንድ ከሰዓት ይደርቃል።

ዘር ስትገዙ

አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የፖርቹላካ ፓኬት ሥዕሉ የሚያምር፣ ማሸጊያውም ያልተነካ ነበር። የበቀለው 3 ፍሬ ነው። ቆይቼ ፓኬቱን ገልብጬ ሳይ ቀኑ ካለፈ 2 ዓመት ሆኖታል። ሱቁ ውስጥ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ነበር የተሰቀለው። አሁን ቀኑን ሳላይ አልገዛም፤ ከገዛሁም በኋላ ሁሉንም ከመዝራቴ በፊት በሶፍት እፈትነዋለሁ። 10 ፍሬ በረጠበ ሶፍት ላይ አድርጋችሁ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ብርሃን ባለበት አስቀምጡና በ10ኛው ቀን ቁጠሩ። 7 ወይም 8 ከወጣ ጥሩ ዘር ነው። 3 ከሆነ ወይ በእጥፍ መዝራት ወይ መመለስ ነው።

ጎረቤት ፖርቹላካ ካለው ደግሞ ዘርም መግዛት አያስፈልጋችሁም። የጣት ርዝመት ያለው ጫፍ ቆርጣችሁ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ብትሰኩት በ2 ሳምንት ገደማ ሥር ይሰዳል፤ ቀለሙም እንደ እናቱ ይሆናል። ከዘር የመጣው ግን ቀለሙ ይደባለቃል፤ እኔ ይህን እወደዋለሁ።

ለየቦታው

አጥር ዳር፣ ቀን ሙሉ ፀሐይ፣ ውሃ በወረፋ የሚመጣበት ግቢ፦ ፖርቹላካ፣ ሌላ አትፈልጉ። እሷን አታዩአት ይሆናል ብላችሁ ከሠጋችሁ ዝቅተኛዋን ዚኒያ። ከቀትር በኋላ ጥላ ያለው ቦታ ከሆነ ከመስከረም ጀምሮ አሊሰም፣ ልጆች ካሉም በአጠገቡ ጥቂት ናስተርሺየም። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ከሆናችሁ በረንዳው ወዴት እንደሚዞር ተመልከቱ፤ ወደ ምሥራቅ ከዞረ አሊሰም፣ ወደ ምዕራብ ከዞረ ፖርቹላካ። በክረምቱ ዝናብ የትኛውም አያምርም። ፖርቹላካ ደመና አይታ አትከፈትም፣ ሥሯም ላይ ውሃ ይተኛል፤ አሊሰም ይተኛል። ሐምሌንና ነሐሴን መደቡን ለመገልበጥ ተጠቀሙበት።

እኔ ዘንድሮ መደቧን ለሁለት ከፍያታለሁ። በበሩ በኩል ያለው 2 ሜትር ፀሐይ የሚጠብሰው ነው፣ ፖርቹላካ ናት። በደረጃው በኩል ያለው የቤቱ ጥላ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ያርፍበታል፣ አሊሰም ነው፤ በየካቲት ሲደክም ፖርቹላካዋ ከወዲያ ተሻግራ ትይዘዋለች። ዘሯን ራሷ ናት የምትዘራው። ፍሬዋ ትንሽ ክዳን ያላት ድስት ትመስላለች፤ ስትበስል ክዳኗ ትወልቅና ግራጫው ዘር ይፈስሳል። ክዳኗ ቢጫ ሆና ልትላቀቅ ስትል ከሥሯ ወረቀት ዘርግቼ በጣቴ ነካ አደርጋታለሁ። የሰበሰብኩትን በፖስታ ከትቼ፣ የወሩን ስም ጽፌበት፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አስቀምጣለሁ። በእጄ ያለው የመጨረሻው ፖስታ "ግንቦት፣ ባብዛኛው ብርቱካን" ይላል።